ሳይቀመስ የተሠራ ወጥ

ባለፈው ሳምንት ወደ ልጄ ቤት ብቅ ብዬ ነበር። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት፤ ደረጃውን ጨርሼ ስገባ ጉልበቴ የሌላ ሰው ጉልበት ይመስለኛል። የልጄ ሚስት ሰላም ማድ ቤት ቆማ ድንች ትልጣለች። አጠገቧ የጾም ምስር ወጥ ድስት ሙሉ ይንተከተካል።

«ድንቹ ለምንድነው?» አልኳት።

«የጨው ዕቃው ክዳን ተነቅሎ ተገለበጠብኝ እማዬ። ድንች ሲገባበት ጨውን ይመጥጠዋል ይላል።»

«ማነው የሚለው?»

«ስልኬ።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ያሾፍኩባት መስሏት አንገቷን ደፋች፤ እኔ ግን የሳቅኩት በእሷ አልነበረም። በዚያች ደቂቃ ፊቴ ድቅን ያለችው ሌላ ልጅ ነበረች፤ ማማሰያ ጨብጣ፣ ጥቀርሻ ተቀብታ፣ ጨው የበዛበት ድስት ላይ አፍጥጣ የቆመች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ድንች ጨው መርጦ የሚጠጣ ነገር አይደለም። መረቁን ከነጨው ይጠጣል፣ የቀረው መረቅ ያው ነው። ይህን ያወቅሁት ከስልክ አይደለም፤ እናቴ ለገብርኤል የተሳለችው ስለት ድስት ውስጥ እየፈላ ሳለ ነው።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። የምንኖረው ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ ወደ ፒያሳ ሲወጣ፣ አምስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧና አንድ ማድ ቤት የሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነበር። እናቴ ባለሙያ ነበረች። ያውም እንዲህ ያለች ባለሙያ፦ ወጥ ስትሠራ በጾም ቀርቶ በፍስክም አትቀምስም። አፍንጫዋን ወደ ድስቱ ታስጠጋና «ይቀረዋል» ወይም «ደርሷል» ትላለች፣ አለቀ። እኔ ደግሞ የአራዳ ልጅ፣ ምላሴ እንጂ እጄ ሥራ የማያውቅ። ከሻይ በቀር ያፈላሁት ነገር አልነበረም፤ እሱንም አንድ ቀን ጨዋታ ላይ ሆኜ ረስቼው አሳርሬዋለሁ። ሻይ አሳረረች መባል ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፤ ግቢው ሁሉ ሲስቅብኝ ከርሟል።

ታላቅ ወንድሜ ግርማ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከዘመተ በኋላ ወሬው ጠፋ። እናቴ ያን ጊዜ ከሲታ ሆነች። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆማ፣ «ገብርኤል ሆይ፣ ልጄን በደህና ብትመልስልኝ የታኅሣሡን ጽዋህን በገዛ እጄ ሠርቼ አበላለሁ» ብላ ተሳለች። እነሆ ክረምቱ ሲወጣ ግርማ መጣ። ጠቁሮ፣ ተጎሳቁሎ፣ ዝምተኛ ሆኖ፣ ግን በሁለት እግሩ ቆሞ መጣ። እህል ግን አልበላም አለ። እንጀራውን ጫፍ ጫፉን ነካ ነካ ያደርግና «በቃኝ» ይላል።

እናቴ ከሠፈር ሴቶች ጋር የገብርኤል ጽዋ ማኅበር ነበራት። በየወሩ በተራ ይደገሳል፤ የታኅሣሡ ግን የዓመቱ ትልቁ ነው፣ በነቢያት ጾም መሀል ስለሚውልም ድግሱ የጾም ነው። ተራውን ለምና ወሰደች። በዓሉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ታዲያ ከአትክልት ተራ ሽንኩርት ተሸክማ ስትመለስ አዳለጣትና ቀኝ እጇ ወለም አለ። ወጌሻው አሽቶ፣ በጨርቅ ጠፍሮ አሰረላትና «እስከ ጥምቀት በዚህ እጅሽ ማንኪያ እንዳታነሺ» ብሏት ሄደ።

በማግስቱ እትዬ በላይነሽ ሊጠይቋት መጡ። እሳቸው የማኅበሩ ሙሴ ነበሩ፤ ማኅበርተኛውን የሚመራው ሰው ሙሴ ነው የሚባለው። እኚህ ሙሴ ግን ባሕር ከመክፈል ይልቅ የሰው ድስት ከፍቶ ማየት የሚቀናቸው ነበሩ። የማንኛዋ ሽሮ እንደቀጠነ፣ የማንኛዋ ዳቦ እንዳልበሰለ ሁሉን ያውቃሉ።

«ተራሽን ለኔ ስጪኝ» አሏት እናቴን። «እኔ አወጣዋለሁ። ስለቱን ለከርሞ ታደርሻለሽ።»

የእናቴ ዓይን ጥግ የተቀመጠው ግርማ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ከርሞ የሚባል ነገር ማን እጅ ነበር? ልጁ ተመልሶ ቢጠራስ? ስለት የበላች እናት ሆና ልትሸኘው ነው? ይህን ሁሉ ፊቷ ላይ አነበብኩትና አፌ ቀደመኝ።

«እኔ እሠራዋለሁ» አልኩ።

እትዬ በላይነሽ ዞር ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «አንቺ? ሻይ የምታሳርሪዋ አልማዝ?»

«አዎ፣ እኔ።»

«የኔ ልጅ፣ የማኅበርተኛ ሆድ መለማመጃ አይደለም» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። እናቴም ከኋላቸው፣ ድምጿን ሳታሰማ፣ በግራ እጇ ጀርባዬን ቸብ አደረገችኝ። እንደዚያ ያለ ቸብታ ከዚያ በፊት ሰጥታኝ አታውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ዱካ ላይ ተቀምጣ አፍ ሆነች፣ እኔ እጅ ሆንኩ። «ሽንኩርቱን መጀመሪያ በደረቁ ነው የምታቁላዪው። ዘይትም ውሃም የለ። ሊይዝብሽ ሲል ጠብ የምታደርጊው ውሃ የፈላ ይሁን፤ ቀዝቃዛ ውሃ ቁሌት ያስደነግጣል።» በርበሬ ስጨምር ማስነጠስ ጀመርኩ። «ካስነጠሰሽ ጥሬ ነው» አለች። «ማስነጠሱን ትቶ ምራቅሽን ሲያመጣው ያኔ በስሏል።» ይህችን ምክር እስከ ዛሬ ለማንም እሰጣለሁ፣ ሰዓት ከማየት ትበልጣለች። ነጭ ሽንኩርት ቀድሞ ከገባ እንደሚመር፣ ጎመን ክዳን ተከድኖበት ከበሰለ አረንጓዴነቱ እንደሚጠፋ፣ ድስት ሲያር ሳይፋቅ ላዩን ብቻ ወደ ሌላ ድስት መገልበጥ እንዳለበት ነገረችኝ፤ ይህን የመጨረሻውንማ በተግባር፣ በራሴ ድስት አየሁት። ደግማ ደጋግማ የነገረችኝ ግን ስለ ጨው ነው። «ጨው መጨረሻ ላይ። ወጥ እየተንተከተከ ይጎድላል፣ ጨው ግን አይጎድልም።»

የሚያስጨንቀን የነበረው ዘይት ነው። የጾም ወጥ ያለ ዘይት ምን ወዝ አለው? ዘይት ደግሞ ከቀበሌ ሱቅ በራሽን የምትሰፈር ነበረች። ከየወሩ እየቆጠብን ያጠራቀምናት ሁሉ ተደምራ ለዚያ ትልቅ ድስት ከንፈር ማርጠቢያ ናት። እናቴ «ይሁን፣ ገብርኤል ያየዋል» አለች። ደግነቱ ከገጠር ዘመድ የላከችልን ሱፍ ነበር። በዋዜማው ጠበስ ጠበስ አድርጌ ወቅጬ፣ በውሃ በጥብጬ፣ በንጹሕ ሻሽ አጠለልኩትና እንደ ወተት የነጣ የሱፍ ውሃ በባልዲ ሞላሁ። ለፍትፍት ነበር የታሰበው፣ ጨውም አልነካውም።

የገብርኤል ዕለት ጠዋት ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ጎህ ሳይቀድ ጀምሬ ምስር ወጡን ጉልቻ ላይ ጥጄ፣ ሽንኩርቱን አቁላልቼ፣ በርበሬው ማስነጠሱን እስኪተው ታግሼ፣ ምስሩን ጨመርኩ። ሲደርስ ለክቼ ጨው አደረግሁበትና ሌላ ባልዲ ይዤ ወደ ቧንቧው ወጣሁ፤ ወረፋ ነበረው። ስመለስ እናቴና ግርማ ቅዳሴ ሄደዋል። ወጡ ደግሞ ምን የመሰለ! ቀይ፣ ወፍራም፣ ሽታው ጎረቤት የሚጠራ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ መቅመስ። መቅመስ ግን አይቻልም። ቅዳሴ ሳይወጣ እህል በአፍ አይዞርም፤ የጾም ድግስ እንግዲህ ሁሌም በጭፍን ነው የሚሠራው። እናቴ አፍንጫ ነበራት፤ እኔ ምን አለኝ?

ይህን ሳስብ እትዬ ዘይነባ ልታውሰኝ ቃል የገባችውን ትሪ ይዛ ብቅ አለች። የወሎ ሰው ናት፣ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን፣ ሙስሊም። ወጡ ሥጋ የሌለበት የጾም ወጥ ነው፤ ጾሙ ደግሞ የእሷ አይደለም። ይህ እንዴት እስከዚያች ቀን ለማናችንም አልታየንም?

«እትዬ ዘይነባ፣ በሞቴ፣ ትንሽ ቅመሽልኝ።»

እጇን ዘረጋች፤ በማማሰያው ጫፍ መዳፏ ላይ ጠብ አደረግሁላት። ላሰችው። ዓይኗ ተጨፈነ፣ ትከሻዋ ተሰበቀ።

«ያ ረቢ! አንቺ ልጅ፣ ባሕር ነው እንዴ የቀዳሽው?»

«ለክቼ ነው የጨመርኩት! ልክ እማዬ እንዳሳየችኝ!»

«እናትሽስ? አንቺ ቧንቧው ጋ ሳለሽ በዚያች በግራ እጇ እየዘገነች ስታደርግበት አይቻታለሁ።»

የእናቴ አፍንጫ በዚያ ሳምንት በጉንፋን ተደፍኖ መክረሙ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል፤ ለጨው ግን አይሠራም። ሌላ ምስር የለም። ሌላ ሽንኩርት የለም። ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣው ማኅበርተኛ በሙሉ፣ እትዬ በላይነሽን ከፊት አስቀድሞ፣ እኛ ቤት ሊቀመጥ ነው። የእናቴ ስለት እንዲህ ሆኖ ሊቀር ነው ብዬ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ።

«አብሽሪ» አለችኝ እትዬ ዘይነባ። «ድንች አለኝ፤ ጨው ይጠጣል ይባላል።» ልጣ ሰጠችኝ፣ ከተትን፣ በሰለ። ቀመሰች። «ድንቹም ጨው፣ ወጡም ጨው» አለች። «አሁን ሁለት ችግር አለብሽ።»

ውሃ ልጨምር ብዬ ጣሳ አነሳሁ። ውሃ ጨውን ያላላል፣ ወጡን ግን እጥበት ያደርገዋል፤ እትዬ በላይነሽ ደግሞ ውሃ ውሃ የሚል ወጥ ከበር ላይ ነው የሚያውቁት። ጣሳዬን እንደያዝኩ ዓይኔ ጥግ ወዳለው ባልዲ ሄደ። የሱፍ ውሃ። ጨው የሌለበት፣ ወፍራም፣ ወዝ ያለው።

«እትዬ ዘይነባ፣ ሱፉን ብጨምርበትስ?»

«ሱፍና ምስር? ማን ሲያጋባቸው አይተሽ?»

«አራዳ ያጋባውን ማን ይለየዋል!» አልኳት እንባዬን እየጠረግሁ።

እንጨቱን ከሥሩ ሳብኩ፤ ሱፍ በኃይል ከፈላ እንደሚቋጠር እናቴ ነግራኛለች። በጣሳ ትንሽ ትንሽ እያደረግሁ፣ ማማሰያውን ሳላቋርጥ አማሰልኩ። እትዬ ዘይነባ አጠገቤ ቆማ መዳፏን ትዘረጋለች፣ ትልሳለች፣ «ገና» ትላለች። እንደገና ትልሳለች፣ «ገና ነው፣ ግን አሁን ምላስ አያቃጥልም።» ባልዲው ሊያልቅ ሲል ላሰች፣ እጇን መልሳ ዘረጋች። ደግሜ ሰጠኋት።

«ይሄኛው ለመቅመስ አይደለም» አለች እየሳቀች። «ጣፍጦኝ ነው። በቃ! አንዲት ጠብታ እንዳትጨምሪ!»

ድስቱን ሳየው ማመን አቃተኝ። ወጡ ልስልስ ብሎ፣ ከሱፉ የወጣው ዘይት የበርበሬውን ቀለም ይዞ ላዩ ላይ ሰፍፎ ያብረቀርቃል። በራሽን ዘመን እንደዚያ ወዝ ያለው የጾም ወጥ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ድንቾቹን ለቅሜ አወጣሁና ፍትፍቱን ይቅርታ ጠየቅሁት፤ በዚያ ዓመት ፍትፍት የሚባል አልቀረበም።

ማኅበርተኛው መጣ። ቄሱ ጸሎት አደረሱ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ። እናቴ የታሰረ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ፣ እኔን እያየች ከንፈሯን ትነክሳለች። ወጡን ማውጣት ስጀምር ቤቱ ጸጥ አለ፤ የመብላት ጸጥታ ነው ወይስ የመታዘብ፣ መለየት አቃተኝ።

እትዬ በላይነሽ አንድ ጎረሱ። ሁለተኛውን ጠቀለሉና በአየር ላይ ያዙት። ጣታቸው ላይ የወረደውን ወዝ አዩ።

«አልማዝ» አሉኝ። «ይሄ ሁሉ ዘይት ከየት መጣ?»

ቤቱ ሁሉ ማኘኩን አቆመ። በዚያን ጊዜ ዘይት ከየት አመጣሽ ማለት ጨዋታ አልነበረም። በጓሮ በር የተገዛ ዘይት ሰው ያሳስር ነበር፣ የእትዬ በላይነሽ ወንድም ደግሞ ቀበሌ ነው የሚሠራው። እናቴ ፊቷ ዓመድ መሰለ። የዘይታችንን ልክ ከማንም በላይ የምታውቅ እሷ ናት፤ እሷም ከየት እንደመጣ አላወቀችም!

«የሱፍ ነው እትዬ» አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ አሁንም በዚያ እኮራለሁ። «ካላመኑኝ ገለባው ማድ ቤት አለ።»

ተነሱ! በእግዚአብሔር፣ ተነሥተው ሄዱ። ከሻሹ ላይ ገለባውን አንሥተው በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት፣ ባልዲውን ዘንበል አድርገው አዩት። እትዬ ዘይነባ በሯ ላይ ቆማ «እኔ ምስክር ነኝ እትዬ በላይነሽ፣ ከመጀመሪያው ጠብታ እስከ መጨረሻው» አለቻቸው። ሴትዮዋ ተመልሰው ገቡ፣ ቦታቸው ላይ ተደላድለው ተቀመጡና ሳህናቸውን ወደ እኔ ገፉት።

«ጨምሪልኝ» አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ፣ «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው። ለመሆኑ ሱፉን መቼ ነው የምትጨምሪው? ከመውጣቱ በፊት ነው?»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ በጾም! የሰው ድስት ከፍተው የሚያሙት ሴት ከእኔ፣ ሻይ ከምታሳርረው፣ አሠራር ጠየቁ። እኔም እንደ ትልቅ ባለሙያ ቆም ብዬ፣ «እሳቱን ካበረዱ በኋላ ነው እትዬ፣ በትንሽ በትንሹ» አልኳቸው። ግርማ ሲስቅ የሰማሁት ከተመለሰ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ ነው። ሳህኑን አየሁት፤ ባዶ ነበር። ደግሞ ዘረጋልኝ። እናቴ ሳህኑን አየችና ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አደረገች።

ሰው ከወጣ በኋላ፣ የታኅሣሥ ፀሐይ ግቢው ውስጥ ዘንበል ብላ ሳለ፣ ዕቃ ሳጥብ እናቴ አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ጨው ሳታደርጊበት ነው እንዴ ውሃ ልትቀጂ የወጣሽው?» አለችኝ።

«አድርጌ ነበር እማዬ።»

በግራ እጇ አፏን ያዘች። ከዚያ ነገሩን ሁሉ ከጨው እስከ ሱፍ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ ያቺን ግራ እጇን ገልብጣ መዳፏን አየችው።

«በገዛ እጄ ብዬ ነበርኮ የተሳልኩት» አለች። «ቢያንስ ጨውን እንኳ እኔ ላድርግበት ብዬ ነው።» ከዚያ ሳቀች፣ እስከ እንባ ሳቀች። «እንግዲህ ያን ሁሉ ሱፍ ያስጨመረው የኔ እጅ ነው። ስለቴ ደርሷል።»

ግርማ ተመልሶ አልተጠራም፤ ዛሬ የልጅ ልጅ አለው። ያ ወጥ ደግሞ በሠፈራችን «የአልማዝ ምስር» ተብሎ በየማኅበሩ ሲሠራ ኖረ። እትዬ በላይነሽም እስከ መጨረሻው ከእኔ እንደተማሩት ለማንም አልተናገሩም።

ይህን ሁሉ ለሰላም እየነገርኳት ልጄን የተፈጨ ሱፍ ግዛ ብለን ላክነው። በጥብጠን፣ አጥልለን፣ እሳቱን አብርደን በትንሽ በትንሹ ጨመርን። ወዙ መጣ። ከዚያ ሁለታችንም ድስቱ ላይ አጎንብሰን ቀረን፤ እሷም ጾመኛ፣ እኔም ጾመኛ።

«ጎረቤትሽ ማናት?» አልኳት።

«በዚህ በኩል አንዲት ሒጃብ የምታደርግ ልጅ አለች። ስሟን አላውቀውም።»

«ስንት ዓመት ተቀምጣችሁ?»

ማማሰያውን በድስቱ ጠርዝ ጠረገች።

«ሂጂ አንኳኪ። ማማሰያውንም ይዘሽ ሂጂ፣ ሳትፈራ ትመጣለች።»

መጣች፤ እየሳቀች፣ ፎጣ እጇ ላይ እንዳለ። ስሟ ሐናን ነው። መዳፏን ዘረጋች፣ ላሰች፣ ጣራውን እያየች አሰበች።

«በጣም ይጣፍጣል» አለች። «ግን ለኔ ጨው ትንሽ ያነሰው መሰለኝ።»

ሰላምና እኔ እኩል እጃችንን ወደ ጨው ዕቃው ሰደድን። እኔ የኔን መለስኩ።